ሣሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ የግጦሽ ሂሳብ፣ ጥያቄና መልስ

እንቆቅልሹ ይህ ነው። አንድ የግጦሽ መስክ አለ። ሣሩ በየቀኑ እኩል መጠን ያድጋል። 20 ላሞች ቢገቡበት በ12 ቀን ይጨርሱታል። 14 ላሞች ቢገቡበት በ20 ቀን ይጨርሱታል። ላሞቹ ሁሉ በቀን እኩል ይበላሉ። 11 ላሞችስ በስንት ቀን ይጨርሱታል?

ለዓመታት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ተማሪን እንደዚህ የሚያከራክር ጥያቄ ብዙ አላየሁም። የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ 20ን በ12 አባዝቼ 240 አገኘሁ። ለ11 ሳካፍለው 22 ቀን ገደማ መጣ። ጓደኛዬ ግን 14ን በ20 አባዝቶ 280 አገኘ፤ ለ11 ሲያካፍለው 25 ቀን ተኩል ገደማ ሆነ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ገና ናችሁ። ግን የመልሱ ቁልፍ እዚሁ ልዩነታችሁ ውስጥ ነው። መስኩ አንድ ነው። ታዲያ አንዴ 240፣ አንዴ 280 የሚወጣው ለምንድን ነው?

አንድ ላም በቀን የምትበላውን ሣር «አንድ እቅፍ» እንበለው። 20ዎቹ ላሞች በ12 ቀን 240 እቅፍ በሉ። 14ቱ በ20 ቀን 280 እቅፍ በሉ። ትርፉ 40 እቅፍ ከሰማይ አልወረደም። የኋለኞቹ 8 ቀን አስበልጠው ቆይተዋል፤ በእነዚያ 8 ቀናት ሣሩ አድጓል። 40 ሲካፈል ለ8፣ 5 ነው። መስኩ በቀን 5 እቅፍ ያበቅላል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት 60 እቅፍ በቅሏል። ከ240 ላይ 60 ሲነሳ 180 ይቀራል። ይህ ከብት ከመግባቱ በፊት የነበረው ሣር ነው።

አሁን 11ዱን ላሞች አስገቧቸው። 5ቱ የየዕለቱን አዲስ ሣር ይብሉ። ነባሩን ሣር የሚቀንሱት የቀሩት 6 ብቻ ናቸው። 180 ለ6፣ 30 ቀን።

እናረጋግጥ። 11 × 30 = 330። ነባሩ 180፣ በ30 ቀን የበቀለው 150፤ ድምሩ 330። ልክ ገጠመ።

ጥያቄ፦ የ240ንና የ280ን አማካይ ወስጄ ለ11 ባካፍልስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ስህተት ቢሆኑ ኖሮ ማስታረቅ ይቻል ነበር። እነሱን አማካይ ስታደርግ የሣሩን ዕድገት ደምስሰህ ጣልከው። ልዩነቱን ነው የምንፈልገው።

ጥያቄ፦ 5 ላሞች ብቻ ቢገቡስ? ሳሰላው 180ን ለዜሮ ማካፈል መጣብኝና ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

መልስ፦ ኧረ አልተሳሳትሽም! የዚህ ጥያቄ ውበቱ እዚህ ጋ ነው። 5 ላሞች በቀን 5 እቅፍ ይበላሉ፤ መስኩ በቀን 5 እቅፍ ይመልሳል። ነባሩ 180 እቅፍ አይነካም። ሣሩ መቼም አያልቅም። ሂሳቡ በዜሮ ማካፈል እንቢ ሲልሽ «እንደዚህ ያለ ቀን የለም» ማለቱ ነው።

ወደዚያ ቁጥር ቀስ እያልሽ ስትጠጊ እዪው። 8 ላሞች 60 ቀን። 7 ላሞች 90 ቀን። 6 ላሞች 180 ቀን። ከ6 ወደ 5 ስትወርጂ ደግሞ እስከ ዘላለም። አንዲት ላም ብቻ ቀንሰሽ ከግማሽ ዓመት ወደ ማያልቅ ተሻገርሽ። ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ይህንን እንዴት ላስረዳት? እኔም ገና በደንብ አልገባኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩን አሳንሺና በባቄላ አሳያት። ትሪ ላይ 12 ፍሬ አስቀምጪ። ያ ነባሩ ሣር ነው። በየቀኑ አንቺ 2 ፍሬ ትጨምሪያለሽ፤ እሷ 5 ላም ሆና 5 ፍሬ ታነሳለች። 12 ወደ 9፣ ወደ 6፣ ወደ 3፣ ወደ ባዶ። 4 ቀን ፈጀ። አሁን እንደገና 12 አድርጊና 8 ላም ትሁን። በ2 ቀን ትሪው ባዶ ይሆናል። ከዚያ «2 ላም ብትሆኚስ?» በያት። ሁለት ትጨምሪያለሽ፣ ሁለት ታነሳለች፣ ሁለት ትጨምሪያለሽ፣ ሁለት ታነሳለች። ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ ታይሻለች። ገባት ማለት ነው። እኩልታው በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ በእኩልታ መሥራት የምንፈልግ ሰዎችስ?

መልስ፦ ሁለት መስመር ነው። ነባሩ ሣር + 12 × ዕድገት = 240። ነባሩ ሣር + 20 × ዕድገት = 280። የላይኛውን ከታችኛው ቀንሱ። ዕድገት 5፣ ነባሩ 180።

ጥያቄ፦ እኔ እረኛ ሆኜ ነው ያደግሁት። ሣር በየቀኑ እኩል ያድጋል የሚለውን ማን አየው? ክረምት ላይ ሌላ፣ በጋ ላይ ሌላ ነው።

መልስ፦ ልክ ነዎት አባቴ። ከብቱም የሚበላውን ያህል ይረግጣል። ሂሳቡ እንዲሠራ ስንል ነው «እኩል ያድጋል» ብለን የተስማማነው። ስለዚህ ይህ ዐረፍተ ነገር በጥያቄው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሳይጽፉ ለፈተና የሚያቀርቡ መምህራን ልጆቹን ይበድላሉ ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡ ግን ከእርስዎ ሕይወት የራቀ አይደለም። መንዝ ውስጥ የጓሳን መስክ ኅብረተሰቡ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ ጠብቆ አቆይቶታል። የሚበላው ከሚበቅለው እንዳይበልጥ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ የኒውተን ጥያቄ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የእኔ ቁጥሮች የራሴ ናቸው። የጥያቄው ዓይነት ግን አዎ፣ አይዛክ ኒውተን በ1707 እ.ኤ.አ. በላቲን በታተመው የአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የእሱ ከበድ ይላል፤ የመስኩም ስፋት ይለያያል። 12 በሬዎች 3 ኤከር ከሲሶ በ4 ሳምንት ይጨርሳሉ። 21 በሬዎች 10 ኤከር በ9 ሳምንት ይጨርሳሉ። 24 ኤከርን በ18 ሳምንት የሚጨርሱት ስንት በሬዎች ናቸው?

ዘዴው ሁሉንም ወደ አንድ ኤከር ማምጣት ነው። አንድ በሬ በሳምንት የሚበላውን አንድ ድርሻ በሉት። 12 × 4 = 48፤ ለ3 ኤከር ከሲሶ ሲካፈል በኤከር 14.4። 21 × 9 = 189፤ ለ10 ሲካፈል 18.9። ልዩነቱ 4.5፣ የሳምንቱ ልዩነት 5። ስለዚህ አንድ ኤከር በሳምንት 0.9 ያበቅላል፤ ነባሩ 10.8 ነው። በ18 ሳምንት አንድ ኤከር 10.8 + 16.2 = 27 ይሰጣል። በ24 ሲባዛ 648፣ ለ18 ሲካፈል 36 በሬዎች።

ጥያቄ፦ ኤከር የሚባለው ግራ ያጋባኛል። በጥማድ ቢሆንስ?

መልስ፦ መልሱ አይለወጥም፤ ሦስቱንም በአንድ መለኪያ እስከሰፈርክ ድረስ። እንዲያውም ኤከር ራሱ ድሮ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ይባል ነበር። የእኛ ጥማድም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ 11ዱ ላሞች 10 ቀን ከበሉ በኋላ 3ቱ ቢሸጡስ?

መልስ፦ በ10 ቀን ነባሩ በ60 ቀንሶ 120 ቀርቷል። 8 ላሞች ቀሩ፤ 5ቱን ለዕለቱ ሣር ተዋቸው። 120 ለ3፣ 40 ቀን። በጠቅላላው 50 ቀን።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ የከብት ጥያቄ አለ?

መልስ፦ አለ። በአርኪሜዲስ ስም የሚታወቅ፣ በግሪክኛ ግጥም የተጻፈ የፀሐይ አምላክ ከብቶች ጥያቄ። ጀርመናዊው ሌሲንግ በ1773 አሳተመው። በ1880 ደግሞ አምቶር የተባለ ሰው መልሱ 206,545 አሃዝ እንዳለው አሳየ። አሃዞቹ በሙሉ የተገኙት በ1965፣ በኮምፒውተር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ገብቶኛል። አንድ ሌላ ይስጡኝ።

መልስ፦ ጎበዝ! እንግዲህ መስኩ ያው የእኛ መስክ ነው። 4 በጎች የአንድ ላም ያህል ይበላሉ። 5 ላሞችና 24 በጎች አብረው ቢገቡ በስንት ቀን ይጨርሱታል? ሠርተህ ስትጨርስ መልስህን ከመጀመሪያው መልስ ጋር አስተያየው።