መልስ፦ ከሱዳን ጋር በድምር 5 ለ 5 ሆነን ለምን ፍጹም ቅጣት ምት አልተመታም?

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ለተነሳው ክርክራችሁ፦ ፍጹም ቅጣት ምት መመታት ነበረበት ያለው ጓደኛህ ተረትቷል፣ ሻዩን ይክፈል። የደርሶ መልሱ ድምር እኩል ቢሆንም የኢትዮጵያ ቡድን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያለፈው ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ጎሎች ብልጫ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። እኛ እዚያ 3 አለን፣ እነሱ እዚህ ባዶ። መደበኛው 90 ደቂቃ ስላለያየን ጭማሪ ሰዓትም አላስፈለገ። ሱዳን አንድ ብቻ ብታገባ ግን በድምር 6 ለ 5 ወድቀን ነበር! ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በዚያች ክር ተንጠልጥለን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ይህን ሕግ ለሁሉም ውድድር እንዳትጠቅስ። የአውሮፓ ክለቦች ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2021/22 ጀምሮ ሰርዞታል። ብዙ ውርርድ የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የውድድሩን ደንብ እይ።