ውሻው የማን ነው? ስለ ባጀር ማዋጋት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ዜግነት ግን ገና አላገኘሁም። የሥራ ባልደረቦቼ «አደን እንሂድ» ብለውኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ባጀር (badger) የሚባለው፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር የዱር እንስሳ ያለበትን ጉድጓድ ቆፍረው ውሻ ለቀቁበት። ውሻውም መንጋጋው ላይ ስለቆሰለ ቤት ወስደን ሰፋነው። አሁን ፖሊስ በፈቃድህ መጥተህ ቃል ስጥ ብሎኛል። እኔ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም፤ ልጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ሊጠየቁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የባጀር ጥበቃ ሕግ መሠረት ይህን የዱር እንስሳ መግደል፣ ማሰቃየትም ሆነ ጉድጓዱን ማፍረስ እስከ 6 ወር እስራት ያስቀጣል። የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ደግሞ እንስሳ ማዋጋትን ብቻ ሳይሆን ያለ በቂ ምክንያት በቦታው መገኘትንም ወንጀል ያደርጋል፤ የቅጣቱ ጣሪያም በ2021 ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሏል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ውሻው የማን እንደሆነ አንድም ቦታ አልነገሩኝም፤ «ሰፋነው» ሲሉ ግን ራስዎን ጨምረዋል። ቁስለኛ ውሻን ሐኪም ሳያሳዩ ማሰቃየት ራሱን የቻለ ክስ ስለሆነ፣ ከጠበቃዎ የሚደብቁት ነገር ሊኖር አይገባም። በስልክዎ የተቀረጸ ምስል ካለም አንድም ነገር አያጥፉ፤ ማስረጃ ማጥፋት ከዋናው ክስ የከበደ ወንጀል ሊያስከትልብዎ ይችላል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚወድቁበት ወጥመድ «በፈቃድህ» የሚለው ቃል ነው። አልታሰርኩም፣ ጥፋትም የለብኝም፣ ጠበቃ ይዤ ብሄድ ጥፋተኛ እመስላለሁ ብለው ብቻቸውን ይሄዳሉ። ነገር ግን ቃሉ፣ የሚናገሩት ሁሉ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተነግሮ በድምፅ የሚቀዳ ነው፤ «አብሬ ነበርኩ፣ ግን አልነካሁም» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ንጽሕናን የምታስረዳ ብትመስልም፣ በቦታው መገኘትዎን በገዛ አንደበትዎ ታረጋግጣለች። ዝምታም ቢሆን በኋላ በፍርድ ቤት ሊጎዳዎት ስለሚችል፣ ምን ተናግረው ምኑን እንደሚተዉ ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ አይወስኑ። ፖሊስ ጣቢያ በፈቃዱ ቃል ለሚሰጥ ሰውም የሕግ ምክር በነጻ ይሰጣል፤ ይጠይቁ። አስተርጓሚም ይጠይቁ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብለው ፖሊስ በክስ ፈንታ የሚያቀርበውን፣ ጥፋትን ማመን የሚጠይቀውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ (caution) ፈርመው አይቀበሉ፤ በዜግነት ማመልከቻዎ ላይ ይነሳል። ዜግነት የሌለው ሰው 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እስራት ከተፈረደበት ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሕጉ ከአገር እንዲወጣ ያዛል። ስለዚህ የወንጀልም የኢሚግሬሽንም ጠበቃ ያስፈልግዎታል፤ የፖሊስን ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን፣ የዚያን ዕለት መልእክቶች ሳይነካኩ ይዘው ከቀጠሮው በፊት ያነጋግሯቸው።

ውሻው በሕይወት ካለ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ። ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።