አፉን ያልፈታው ልጅ ምን እያለን ነው? ስለ ኦቲዝም ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

«ጠይቁኝ» ብዬ በሩን ስከፍት ይህን ያህል ሰው ይጠይቃል ብዬ አልጠበቅሁም። አብዛኛው ጥያቄ «ከተለመደው ሕክምና ሌላ ምን አማራጭ አለ?» የሚል ነው። እኔ 16 ዓመት በልዩ ፍላጎት መምህርነት የሠራሁ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ከአንጎል አፈጣጠር የሚመጣ፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ ሁኔታ ነው። ዘንድሮ 19 ዓመት ሆነው። ከወሰድኳቸው ስልጠናዎች ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስም ሳልጠራ እመልሳለሁ።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፉን አልፈታም። አማቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» ይሉኛል። ልጠብቅ? (አዳማ)

አትጠብቂ እህቴ። አማትሽ አልተሳሳቱም፣ ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች አሉ። ነገር ግን ዘግይቶ የሚናገር ልጅ ቃል ባይኖረውም ሌላ መንገድ አያጣም። በጣቱ ይጠቁማል፣ ውሻ ሲያይ «አየሽው?» በሚል ዓይን ወደ አንቺ ይዞራል፣ ስሙ ሲጠራ ቀና ይላል። ቃሉም ጥቆማውም ከሌለ መታየት አለበት።

መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኦቲዝም ነው» እየተባለ ከተንከራተተ በኋላ የመስማት ችግር ሆኖ የተገኘ ተማሪ ነበረኝ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ያየዋል። አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ የካቲት 12 እና ጳውሎስ ሆስፒታል የልጆችን የአእምሮ ጤና የሚያዩ ክፍሎች አሉ። ወረፋ አለው። ወረፋው እስኪደርስሽ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ፤ ስለ ሥዕል ከታች የጻፍኩትን ዛሬ ማታ መጀመር ትችያለሽ።

እርጉዝ ሳለሁ በጣም አዝኜ ነበር። ከተወለደ በኋላም ስልክ እየሰጠሁት ነው ያሳደግኩት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት? (ስም አልተገለጸም)

አይደለሽም። ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ከአሥር በላይ እናቶች ስለመጣልኝ ትንሽ ላብራራው።

ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ኦቲዝምን በ1943 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጽሑፍ ሲገልጽ ስለ ልጆቹ ወላጆች ቅዝቃዜም አንስቶ ነበር። በኋላ ብሩኖ ቤትልሃይም ነገሩን አጋነነውና እናትየዋን እንደ በረዶ የቀዘቀዘች አድርጎ ሳላት። ብዙ እናቶች ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ያበላሹ እየመሰላቸው ኖሩ። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ፣ የራሱም ልጅ ኦቲዝም ያለበት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር የሚመጣ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ማስረጃ የደገፈው እሱን ነው። በዘር የሚመጣው ድርሻ ትልቅ ነው። እኛ አገር የበረዶዋ እናት ወሬ አልደረሰም፤ እኛ ደግሞ እርግማን፣ ቡዳ፣ የአባት ኃጢአት እንላለን። ስሙ ይለያይ እንጂ ሸክሙ የሚወድቀው እዚያው እናት ላይ ነው።

ስልክ ኦቲዝም አያመጣም። ሰው ሊያጫውተው የሚችልበትን ሰዓት ግን ይበላል፣ ስለዚህ ቀንሺው። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም፦ አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሁለቱን አያይዞ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፣ የሕክምና ፈቃዱንም ተነጥቋል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆች ተጠንተው ግንኙነት አልተገኘም። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

ልጄ፣ እኔ አያቱ ነኝ። እናቱ ሐኪም ቤት ትላለች፣ እኔ ጸበል እላለሁ። ተጣላን። አንቺ ምን ትያለሽ? (ደብረ ብርሃን)

እማማ፣ በእኔ ምክንያት እንዳትጣሉ። ጸበል መውሰድዎን አልቃወምም፤ እኛም የእህቴን ልጅ ወስደነዋል። ሦስት ነገር ብቻ ልለምንዎት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ጸበል ገባ ተብሎ አይቋረጥ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉትን የሚጥል በሽታም ይይዛቸዋል፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ለካህኑ ይንገሯቸው፤ አብዛኞቹ ይረዳሉ።

ሁለተኛ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይውሰዱት። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት አናቱ ላይ ሲወርድበት፣ ዙሪያውን ሰው ሲጮህ የሚንፈራገጠው ክፉ መንፈስ ይዞት ላይሆን ይችላል። ውኃው ራሱ፣ ጩኸቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ትንሽ ትንሽ ያስነኩት። ማሰርና መምታት ግን በማንም ስም አይፈቀድ።

ሦስተኛ፣ «እስኪድን» ተብሎ ትምህርቱ አይቆም። ጸሎቱም ትምህርቱም ጎን ለጎን ይሂዱ።

ታክሲ ስንሳፈር ይጮኻል፣ ይናከሳል። ሰው «አሞላቀቅሽው፣ ግረፊው» ይለኛል። (አዲስ አበባ)

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ እያለ ከሜክሲኮ ሳሪስ እስክንደርስ ይጮህ ነበር። ስንት ቀን መንገድ ላይ ወርደን በእግራችን ሄደናል! ተቆጣነው፣ ከረሜላ ሰጠነው፣ አንድ ቀን እህቴ መታችውና ሁለቱም ሲያለቅሱ ዋሉ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከመጮሁ በፊት ያለችውን ደቂቃ ጻፊ» አለችኝ። አንድ ሳምንት ጻፍኩ። ሁልጊዜ የሚጀምረው በሩ በኃይል ሲዘጋና ረዳቱ ጆሮው ሥር «ሳሪስ አቦ! ሳሪስ አቦ!» ሲል ነበር። ከዚያ ጋቢና እናስቀምጠው ጀመር፤ ከረዳቱም ከበሩም ይርቃል። የጆሮ መከላከያም ገዛንለት። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በወር አንዴ ሁለቴ ሆነ። ልጁ እንቢተኛ አልነበረም፣ ጆሮውን አሞት ነበር።

ቴምፕል ግራንዲን የተባለች ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊት ሳይንቲስት፣ ልጅ ሳለች ኃይለኛ ድምፅ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነርቭ ሲነካ ዓይነት ሕመም ይሰማት እንደነበር ገልጻለች። እኛ ከውጭ የምናየው ጩኸቱን ብቻ ነው። «አማራጭ አካሄድ» ምንድን ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ዋናው ይሄ ነው፦ «እንዴት ላስቁመው?» ከማለት በፊት «ምን እያለኝ ነው?» ማለት። ደብተር ያዢ። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከመጮሁ በፊት ምን ተፈጠረ፣ በኋላስ ምን አገኘ።

አንዴ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ መምከር ከንቱ ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ወደ ጸጥታ አውጪው፣ ጠብቂው። ተሳፋሪው የሚለውን ተይው።

በሥዕል ማስተማር ንግግሩን አያስቀርበትም ወይ? (ባሕር ዳር)

አያስቀርም። ልጁ ውኃ ፈልጎ ማስረዳት ሲያቅተው ራሱን ግድግዳ ያጋጫል፤ የውኃ ፎቶ ሰጥቶ ውኃ ካገኘ ግን «መልእክት ይሠራል» የሚለውን ይማራል። ቃል የሚመጣለት ልጅ ከሆነ በዚያ ላይ ይመጣል።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ጫማ፣ ሽንት ቤታችሁን በስልክ አንስተሽ አሳትሚ። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ሽንት ቤት ሥዕል ለእሱ ሌላ ነገር ነው። በሁለት ፎቶ ጀምሪ፣ በጣም በሚወደው ነገር። ፎቶውን ሲሰጥሽ ወዲያው ስጪው፤ «መጀመሪያ በል» ብለሽ አታስጨንቂው።

እዚህ ላይ ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሳ አላልፍም። የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ከፊደላችን ድምፆች ተነሥታም አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችውን የንግግር ማስተማሪያ ሠራች። ፊደላችን እያንዳንዱ ቅርጽ ከነአናባቢው አንድ ድምፅ ስለሆነ፣ ልጁ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ሲል አፉ የሚያደርገውንና ዓይኑ የሚያየውን ማገናኘት ይቀላል። በ2021 በኮቪድ አረፈች። ያኔ በየጓዳው ተደብቀው ከነበሩት ልጆች ስንቱ ደጅ የወጣው በእሷ ጩኸት እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። በሳምንት 25 ሰዓት ኤቢኤ ታዘዘለት። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ደግሞ ጎድቶናል ሲሉ አነበብኩ። ሌላው፣ መምህሯ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት አለችን። (አባት)

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ያበግነኛል። አማርኛችሁን አትተዉ። በሁለት ቋንቋ ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ተጠንተው፣ ሁለተኛው ቋንቋ ንግግራቸውን ሲያዘገይ አልተገኘም። አባት ባልለመደው እንግሊዝኛ ሲያወራ ቃሉ ያጥራል፣ ቀልዱ ይጠፋል፣ ልጁም ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ነገር ያጣል። የትምህርት ቤቱ የአይ ኢ ፒ (ለልጁ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይም አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ አትፈሩ።

ኤቢኤ ማለት ትልቁን ነገር በትንንሹ ቆርሶ፣ ልጁ ባደረገው ቁጥር እየሸለሙ ማስተማር ነው። ኢቫር ሎቫስ በ1987 በሳምንት 40 ሰዓት ከተማሩ 19 ልጆች 9ኙ ከእኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ ብሎ ጻፈ፤ ልጆቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እሱው በ1960ዎቹ ልጆችን በኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር ይቀጣ ነበር። የአዋቂዎቹ ቁጣ ከባዶ አልመጣም። ዛሬ ያለው በብዙ ቦታ ለዝቧል፣ ጥሩ ባለሙያዎችንም አውቃለሁ። ስለዚህ በስሙ አትፍረድ፤ ግባቸውን ጠይቅ። «ሽንት ቤት መጠየቅ፣ መንገድ ሲሻገር መቆም» ካሉህ መልካም። «እጁን እንዳያርገበግብ፣ ዓይን ለዓይን እንዲያይ» ካሉህ «ለማን ሲባል?» በል። (እኛው ራሳችን «ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥ» እየተባልን አድገን፣ የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን እንዲያይ በብስኩት ስናባብል ይገርመኛል።) ክፍሉ ገብተህ ማየት መከልከል የለብህም። ልጁ «አልፈልግም» ሲል ምን ይሆናል? እሱን ተመልከት።

ሌላ መንገድም አለ። ስታንሊ ግሪንስፓን ያመጣው ፍሎርታይም ወለል ላይ ተቀምጦ ልጁ በጀመረው ጨዋታ ውስጥ መግባት ነው፤ መኪና ከደረደረ አብሮ መደርደር። ከኖርዝ ካሮላይና የመጣው የኤሪክ ሾፕለር ቲች ደግሞ ቀኑንና ክፍሉን በሚታይ ነገር ያደራጃል። እኔ ከሁሉም እየቀነጨብኩ ነው የምሠራው። ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር፣ በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ብሏል፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው እኛን እንደማይረዳን እኛም እሱን አንረዳውም።

ግሉተን ማቆም፣ የግመል ወተት፣ እንደ ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት፣ «ኤምኤምኤስ» የሚባል ጠብታ? (ብዙ ሰው)

ጠብታው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የበረኪና ዘመድ ነው። ሆዱንና አንጀቱን ያቃጥላል። ማንም ቢሸጥላችሁ አትንኩ። ብረት ማስወጫውም እንዲሁ፦ በ2005 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ በዚሁ ሕክምና ላይ እያለ ሞቷል።

የግመል ወተት ምግብ ነው፣ ኦቲዝምን ግን አያድንም። የምትሰጡ ከሆነ አፍሉት።

ግሉተን ማቆም ኦቲዝምን ለመለወጡ ጠንካራ ማስረጃ የለም። አንዲት እናት ከውጭ የሚመጣ ግሉተን አልባ ዳቦ በስንት ብር ስትገዛ አግኝቻት፣ መሶቡ ውስጥ የጤፍ እንጀራ ነበር! ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም (ውጭ አገር ያላችሁ ግን ገብስና ስንዴ እንደሚቀላቀልበት እወቁ)። ይልቅ ፓስታና ብስኩት ብቻ የሚበላ ልጅ ላይ ስንዴ ስትከለክሉ ምን ይቀርለታል? የሆድ ድርቀት ካለው ግን አሳክሙት፤ ሕመሙን መናገር የማይችል ልጅ የሚናከሰው አሞት ሊሆን ይችላል።

ይድናል?

በሽታ ስላልሆነ አይድንም። ይማራል፣ ያድጋል፣ ይለወጣል።

ጉልት ነው የምውለው። ብቻዬን ነኝ። እንዳይጠፋብኝ አስሬው እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ። (አዲስ አበባ)

ይቅርታ የሚጠይቅሽ ሌላው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ግን ገመዱን ቀስ በቀስ እንፍታው። በሩ ላይ ቃጭል ስቀይ፣ መቀርቀሪያውን ከፍ አድርጊው። ልብሱ ውስጥ ስልክ ቁጥርሽን ስፊበት። ለባለሱቁ፣ ለጥበቃው፣ ለጎረቤት ልጆች ፎቶውን አሳይተሽ «ይህን ልጅ ካያችሁ ያዙልኝ» በያቸው። ሲያመልጥ የት ነው የሚገኘው? ብዙዎቹ ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ነው የሚሮጡት፣ በተለይ ወደ ውኃ። ወንዝ ቅርብ ከሆነ በጣም ተጠንቀቂ። እድርሽ ውስጥ ላሉት ሴቶች ንገሪ፤ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ተራ የሚገቡልሽ አይጠፉም፣ እድር ለሞት ብቻ አይደለም የተቋቋመው። ጆይና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከላት ተመዝገቢ፣ ወረዳሽ ውስጥ ልዩ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት የወላጆች ስልጠናም አዲስ አበባ ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ መጎብኘት አለው። ስልጠና ሲኖር እንዲነግሩሽ ማዕከላቱን ለምኚያቸው።

ሪያድ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አራት ዓመት አሳድጌዋለሁ፣ ያለ እኔ እሹሩሩ አይተኛም። በሁለት ወር አገሬ እገባለሁ። ምን ላድርግለት?

ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብለሽ እንዳትሄጂ። ማዳምን ብታስፈቅጂ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ለጥፊ፤ መጨረሻው ላይ የአውሮፕላን ሥዕል አድርጊና ማታ ማታ አብራችሁ አንድ ቀን ሰርዙ። አዲሷ ሠራተኛ አንቺ እያለሽ ብትደርስ ጥሩ ነው፤ ቁርሱን እሷ፣ እራቱን አንቺ፣ ከዚያ እያቀያየራችሁ። አንቺ ብቻ የምታውቂውን በድምፅ ቅጂላቸው፦ የትኛውን ኩባያ እንደሚወድ፣ የትኛው ልብስ እንደሚያሳክከው፣ ሲቆጣ የት እንደሚደበቅ። ሻርፕሽንም ሳታጥቢው ተይለት።

እሹሩሩውንም ቅጂለት። አማርኛ ነው ብለሽ አትፈሪ፤ አራት ዓመት የተኛው በእሱ ነው።