የበቅሎዋ ልጅ፣ የወፉ ዜማ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ዝርያ ምንነት ትንሽ ነገር ብጽፍ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ግማሹ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ ሙግት። ቦታ የበቃልኝን ያህል እነሆ።

ሰው ጭን የሚደርስ ውሻና የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ውሻ እንዴት አንድ ዝርያ ይባላሉ?

ስለሆኑ ነው። ጣጣው ያለው ቃላችን ላይ ነው። «ዝርያ» ስንል አንዴ ውሻን ከቀበሮ የሚለየውን ማለታችን ነው፤ አንዴ ደግሞ ቺዋዋን ከጀርመን ሼፐርድ የሚለየውን። ሁለተኛውን ያመጣው ሰው ነው፣ እየመረጠ በማዳቀል። እዚህ የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

ፈረስና አህያ ከወለዱ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለት ናቸው የሚለው መጽሐፍ ተሳስቷል (ጠያቂው ትንሽ ተቆጥተዋል)።

መጽሐፉ አልተሳሳተም። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኧርነስት ማየር በ1942 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ትርጉም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚራቡ፣ ከሌላው ጋር ግን ዘራቸው የማይቀላቀል ከሆነ አንድ ዝርያ ናቸው። ስለዚህ አንዴ መውለድ ብቻውን አይበቃም፤ የተወለደውም መውለድ አለበት። ፈረስ በህዋሱ ውስጥ 64 ክሮሞሶም (ከወላጅ የሚወረሰውን ዘረመል የሚሸከሙ ክሮች) አለው፣ አህያ 62። በቅሎዋ 63 ይዛ ትወለዳለች። የዘር ህዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ የእናትና የአባቷ ደግሞ በቁጥርም በአሠራርም አይገጥሙም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ስለ እናቷ እንኳ አልዋሸችም። ስለ ልጅ ቢጠይቋት ኖሮ ነበር ጉዱ።

የወለዱ በቅሎዎች አልፎ አልፎ ተመዝግበዋል፤ በጣም ጥቂት ናቸው። «የኔዋ ሆዷ ገፍቷል» ላሉት ሌላ አንባቢ፦ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋት።

አንበሳና ነብር ይዋለዳሉ ወይ?

ባለ መስመሩን የእስያ ታይገር ማለትዎ ከሆነ፣ አጥር ውስጥ አብረው ሲያድጉ አዎ። የእኛው ነብር ግን ሌላ እንስሳ ነው፤ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ስም ስለጠራ አንድ አይሆኑም።

አዲስ ዝርያ የሚፈጠረው መቼ ነው? የመጀመሪያውስ ማን ነው? ከማን ጋር ተጋባ?

ይህን የጠየቀችኝ ተማሪ ናት። እውነት ለመናገር ዓምዱን የምጽፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ አንድ እንግዳ ወንድ ወፍ አረፈ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት፣ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፣ የደሴቷን ወፎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት እያሰሩ ይከታተሉ ነበር። ይህኛው ገዘፍ ይላል፣ ዜማውም ለየት ያለ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቅ ሌላ ደሴት እንደመጣ ኋላ ላይ በዘረመሉ ታወቀ። ወደ መጣበት መመለስ አልቻለምና ከአገሬው ሴት ጋር ተጣመረ። ወንዶች ልጆቹ ዜማ የተማሩት ከአባታቸው ነው። የደሴቷ ሴቶች ደግሞ ያንን ዜማ ሰምተው አይመጡም፤ የመንቆራቸው መጠንም አልተመቻቸውም። የወፉ ዘሮች ምን ያድርጉ? እርስ በርስ ተጋቡ። አንድ ክፉ ድርቅ ወንድምና እህት ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ፈጃቸው፤ ከሁለቱ እንደገና ተባዙ።

እንግዲህ አንቺው ንገሪኝ፣ የቱ ቀን ላይ ነው ዝርያ የሆኑት? ወፉ ያረፈ ቀን? ልጁ ዘምሮ መልስ ያጣ ቀን? ግራንቶች ራሳቸው የተለየ ሳይንሳዊ ስም አላወጡላቸውም። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ቀን መፈለጉ ራሱ ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የወላጆቹ ዝርያ ነው፤ የሚለያዩት ቅድመ አያትና የሩቅ ዘር ናቸው። ብዙውን ጊዜ መለያየቱን የሚጀምረው ቦታ ነው። የፓናማ ምድር ከባሕር ወጥቶ ሁለቱን ውቅያኖሶች ከከፈለ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህና በዚያ የቀሩ የሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ዘመዳሞችን ተመራማሪዎች አንድ ገንዳ ውስጥ ቢያገናኟቸው፣ በመጋባት ፈንታ መጣላት አበዙ።

ደንቡን የሚያፈርሱት ዕፅዋት ናቸው። ሁለት ዝርያዎች ይዳቀሉና የዲቃላው ክሮሞሶም ብዛት በእጥፍ ይጨምራል፤ ያኔ ሁሉም ጥንድ ያገኛል፣ በቅሎዋን ያመከነው ችግር ይወገዳል። ትራጎፖጎን የሚባሉ የአውሮፓ አበቦች ወደ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ገብተው፣ እዚያ በዚህ መንገድ ሁለት አዲስ ዝርያ አስገኝተዋል። በ1950 እ.ኤ.አ. ስም ወጣላቸው። የዳቦ ስንዴም 42 ክሮሞሶሙን ያጠራቀመው በእንዲህ ዓይነት መደራረብ ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው» ያልሽው አንዳንዴ በእርግጥ አለ፣ ግን አበባ ነው።

ባክቴሪያ አይጋባም። ታዲያ የማየር ትርጉም ምን ይሠራለታል?

ምንም። ለሁለት እየተከፈለ ለሚባዛ ነገር ተመራማሪዎች የሚያዩት የዘረመል መመሳሰልን ነው። ድንበሩን የሚያሰምሩት በስምምነት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ዘረመል እየተዋዋሱ መስመሩን ያበላሹባቸዋል።

ከኒያንደርታል (ከጠፋው የጥንት ሰው) ጋር አንድ ዝርያ ነን?

ዘራቸው ከአፍሪካ ውጪ የሆነ ሰዎች ከዘረመላቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ የኒያንደርታል ነው። ተዋልደናል፣ ልጆቹም ወልደዋል። በማየር ትርጉም ጥብቅ ካልን አንድ ነን ሊባል ነው፤ የአጥንት ተመራማሪዎች የራስ ቅሉን እያሳዩ እምቢ ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልጣላም።

አዲስ ዝርያ ጢንዚዛ አግኝቻለሁ። በልጄ ስም ልጠራው እችላለሁ?

ቀስ ይበሉ። ዝርያ በፎቶ አይጸድቅም። በጢንዚዛ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ከታወቁት ጋር ያነጻጽረዋል፤ ለማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ናሙና ሙዚየም ይቀመጣል፤ ልዩነቱ ተጽፎ ይታተማል። ስም የሚወጣለትም በዚያው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለምንዎ፦ እንዳይጥሉት፣ የት ቦታና መቼ እንዳገኙት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ፣ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ለእኔ በላኩት ፎቶ ላይ የሚታየው አውራ ጣትዎ ብቻ ነው።