ፈረንጅ እናምጣ ወይስ የአገር ልጅ እንቅጠር?

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎ በሦስት ዓመት እጥፍ አድጓል፤ ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ከውጭ ሰው ይምጣ ወይስ ኢትዮጵያዊ ይቀጠር?

በሰው ኃይል ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ሁለቱንም ቀጥሬያለሁ፤ በሁለቱም ተጸጽቼ አውቃለሁ። የእኔ ምክር፦ ከፈረንጁ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ኢትዮጵያዊ ቀድመው ይወቁ። እሱ ከሌለ ፈረንጁን አያምጡ።

አንድ የሠራሁበት ፋብሪካ የሆነውን ልንገርዎ። ከውጭ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ጎበዝ ነበር፤ ክፉ አልናገርበትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቆመን የምንሰበሰባትን 15 ደቂቃ ያስለመደን እሱ ነው። ግን የማሸጊያ ማሽኑ መለዋወጫ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተይዞ ሥራ ሲቆም የሚሮጠው ምክትሉ ነው። ባንክ ሄዶ ለውጭ ምንዛሪ ደጅ የሚጠናው ምክትሉ። ሠራተኛው ሲያኮርፍ ቡና ጋብዞ የሚያግባባውም ምክትሉ። ፊርማው ግን የፈረንጁ ነው። ምክትሉ አምስት ሺህ ብር እንኳ ማጽደቅ አይችልም።

አንድ ቀን የደመወዝ ዝርዝሩ ፕሪንተር ላይ ተረስቶ ቀረ። ማን እንዳየው አይጠይቁኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም አውቋል። የፈረንጁ ቤት ኪራይ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የአየር ቲኬቱ፣ ሁሉም በዶላር። ምክትሉ ምንም አላለም። በወሩ መልቀቂያ አስገብቶ ተፎካካሪያችን ጋ ገባ። ፈረንጁም ኮንትራቱ ሲያልቅ ሄደ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

በኢትዮጵያዊው የተጸጸትኩት ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ሲቪው ያማረ፣ የድርጅቱ ባለቤት ዘመድ ነበር። ባለቤቱን «እምቢ» ማለት ግን አልቻለም።

ወጪውንም ያስሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ደመወዝ በዶላር የተዋዋለ ድርጅት ምን እንደገጠመው እርስዎ ይገምቱት።

የውጭ ሰው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብልዩኤ ጋር ተዋውሎ ነው፤ አብራሪውም አስተዳዳሪውም ከውጭ መጣ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት በ1971 ነው። 26 ዓመት ፈጀ! ግን እስከዚያ ድረስ አብራሪውም ቴክኒሻኑም እዚሁ ሲሰለጥን ነበር።

እርስዎን ብሆን ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ እሾማለሁ። ፈረንጁን ለተወሰነ ሥራ፣ ለምሳሌ ለኤክስፖርት የጥራት ሥርዓት፣ ለ18 ወር አመጣለሁ። የግድ ዋናው ወንበር ላይ ይቀመጥ ካሉ ደግሞ ምክትሉ በስድስተኛው ወር ግዥ፣ በዓመቱ በጀት እንዲፈርም ውሉ ላይ ያስገቡ። የፈረንጁ ቦነስም በዚሁ ይታሰር። ዲያስፖራ ካሰቡ አማርኛው አያታልልዎ፤ 20 ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ሞጆ ላይ እንግዳ ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ ለውጭ አመልካች የማቀርባት አንድ ጥያቄ አለችኝ። «ቀድሞ በሠሩበት አገር ማን ተካዎት? ስልኩን ይስጡኝ።» አንዱ ሦስት አገር ሠርቶ የአንድ ሰው ስም ማስታወስ አቃተው። አልቀጠርነውም።