ጠዋት ጠዋት ጭጭ የሚለው ሃይኤስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር አሮጌ ሃይኤስ አለኝ፣ በደብረ ሲና አድርጌ ሸዋ ሮቢት ነው ምጭነው። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሚኒባስ ሲሰረቅ ፈራሁና ሶማሌ ተራ ወርጄ ኢሞቢላይዘር (ያለ ሪሞቱ መኪናው እንዳይነሳ የሚያደርግ እቃ) ገዛሁ፣ እዚሁ አንድ ኤሌትሪሽያን ገጠመልኝ። ቀን ላይ ምንም አይልም። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ግን ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ግርር ብሎ ሳይጨርስ ቀጥ ይላል፣ የኢሞቢላይዘሯ ሳጥን ቀይ መብራት ትጠፋና እንደገና ብልጭ ብልጭ ትላለች። ሪሞቱን ደግሜ ተጭኜ ሁለት ሶስቴ ስሞክር ይነሳል። ባትሪ ነው ብለውኝ አዲስ ገዛሁ፣ ያው ነው። አሁን ደሞ ኤሌትሪሽያኑ «በስልክ ደውለህ እየሄደ የምታጠፋውን ልግጠምልህ፣ ቢሰረቅም የትም አይደርስ» ይለኛል። ላስገጥም?

መልስ፦ ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ አታስገጥም። የ5ኤል ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም ፓምፕ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፣ ሞተሩ ካልዞረ ቫኪዩም የለም፣ ፍሬኑን ሁለት ሶስቴ ስትረግጠው የቀረችው ታልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል፣ መሪውም እንደዛው። ማርሽ ውስጥ ካለ ጎማው ሞተሩን ያዞረው የለም ወይ ልትለኝ ትችላለህ፣ ልክ ነህ፣ ግን የደነገጠ ሹፌር መጀመሪያ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ሰው ጭነህ እየወረድክ እቃው በራሱ ተሳስቶ ቢያጠፋብህ አስበው። ሌባውስ ቢሆን ዝም ብሎ አይቆምልህም፣ ፍሬን አጥቶ የሚመጣው ሰው ላይ ነው። ኢሞቢላይዘር ስራው የቆመ መኪና እንዳይነሳ ማድረግ ነው፣ በቃ።

ወደ ጠዋቱ ችግር እንምጣ። ባትሪውን በከንቱ ነው የቀየርከው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዲህ ነው የሚሆነው፣ በብርድ ዘይቱ ይወፍራል፣ ካንዴሌታውም (ናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) ብዙ ከረንት ስቦ ነው የጨረሰው፣ ሞተሪኖው ሲጎትት የባትሪው ቮልቴጅ ከ12 ወደ 10 ምናምን ይወርዳል። ይሄ ጤነኛ ነው። ሳጥኗ ጋ የሚደርሰው ግን ከዛም ያነሰ ከሆነ ራሷን ታጠፋና እንደ አዲስ ትቆልፋለች፣ ያቺ የምትጠፋዋ ቀይ መብራት እሱን ነው ምትነግርህ።

ስለዚ ቴስተር ያዝና ቁልፉን ሌላ ሰው ያዙርልህ፣ ጠዋት ሳይሞቅ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ ቀጥሎ ሳጥኗ ራሷ ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ላይ ለካ። ባትሪው 10 ብሎ ሳጥኗ 7 ተኩል ካለች ሁለት ቮልት ተኩሉ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደቀረ ለማወቅ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን የሳጥኗ ጥቁር ሽቦ ላይ አርግና እንደገና አስዞር፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው (ወደ ቦዲ የታሰረው ኔጋቲቭ) ነው ጥፋተኛው። ብዙ ጊዜ ከክሩስኮት ስር ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ አስረውት ይሄዳሉ፣ ቀለም ደሞ ከረንት አያሳልፍም፣ ፍቀህ ብረቱ ሲያበራ እሰረው። ማሳው ደህና ከሆነ ቀዩ ሽቦ ነው፣ ከአንድ ቀጭን መስመር ላይ ቆርጠው ቀጥለውት ይሆናል፣ አውጣውና ቀጥታ ከባትሪው አምጣው፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ ሳጥኗ ጋ አይሁን፣ ሽቦው መንገድ ላይ ቦዲ ቢነካ እሳት ነው።

አንዳንዱ ደሞ ለሬዲዮ ከሚሄደው መስመር ይቀጥለዋል፣ እሱ መስመር ሞተሪኖ ሲዞር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ያንተ ግን ከዛ ቢሆን ኖሮ ቀንም አይነሳልህም ነበር፣ ስለዚ እሱን ተወው። የሽቦ ቀለም እያየህ ግን እንዳትገምት፣ በዚህ እድሜው ስንት እጅ ነክቶታል፣ ቁልፉን በየደረጃው እያዞርክ ለካ። ቁልፉን ስትከፍት የሚመጣውና ሞተሪኖ ሲዞርም የማይጠፋው የሞተሩ መስመር ነው፣ ሞተሪኖ ሲዞር ብቻ የሚመጣው የሞተሪኖው ነው።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ከጻፍክልኝ እንደገባኝ ያንተ የሚቆርጠው ሞተሪኖውን ብቻ ነው፣ ናፍጣ መኪና ደሞ ካንዴላ የለውም፣ ቁልቁል ላይ ገፍተው በሁለተኛ ማርሽ ሲለቁት ይነሳል። ቁልፉን ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሳ ጆሮህን የናፍጣ ፓምፑ ጋ አርግ፣ ጭቅ የምትል ነገር ትሰማለህ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ያላት ሶሌኖይድ ናት፣ ከረንት ካላገኘች ናፍጣ አታሳልፍም። ሁለተኛው መቁረጫ እዛ መስመር ላይ ይሁን። ሪሌው (ሳጥኗ የምታዘው፣ መስመር የሚቆርጥና የሚያገናኝ ማብሪያ) ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ ለሞተሪኖው 30ና 87 ቁጥር እግሮቹን ተጠቀም፣ ሌባው ሳጥኗን ነቅሎ ቢጥላት እንኳን አይዞርለትም። ለናፍጣው ግን እኔ 30ና 87ኤን ነው ምመርጠው፣ ሪሌው ከረንት ሲያገኝ ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚ መንገድ ላይ ከሳጥኗ ወደ ሪሌው የሚመጣው ሽቦ ቢላቀቅ ሞተሩ አይጠፋብህም። ሳጥኗን የነቀለ ሌባ በግፊ ሊያስነሳው ይችላል ካልከኝ አዎ ይችላል፣ እኔ ግን ሰው ጭኖ ከሚቆም መኪና ያንን እመርጣለሁ። ከባትሪ ሽቦ ስቦ ሶሌኖይዷ ላይ የሚለጥፍም አይጠፋም፣ እሱን ለማዘግየት ተርሚናሏን በቆርቆሮ ሸፍነህ እሰራት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደሞ ከሐዋሳ ነኝ፣ አባቴ የተወልኝ ቮልስዋገን ኮምቢ አለ፣ ኢሞቢላይዘር ለእሱስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ እንዲያውም ይቀላል፣ ቤንዚን ስለሆነ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) የሚገባውን 15 ቁጥር ሽቦ መቁረጥ ነው፣ 4 አምፔር አካባቢ ነው ምትስበው፣ ተራ ሪሌ ይበቃታል። ብቻ ከመግዛትሽ በፊት ባትሪውን እይ፣ ከ1967 (እ.ኤ.አ) በፊት የተሰራ ከሆነ 6 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ገበያ ያለው እቃ ደሞ አብዛኛው ለ12 ነው። 6 ከሆነ ኢሞቢላይዘሩን ተይውና 15 ቁጥሯ ላይ ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሚ። ከመሪው ስር ብቻ አይሁን፣ ሌባም መጀመሪያ ሚዳብሰው እዛ ነው።