መልስ፦ ሁለት አገር ያለን ቡድኖች በአውሮፕላን ሳንመላለስ የጋራ ትርኢት እንዴት እንሥራ?

ሰዎቹን ሳይሆን ጽሑፉን ላኩ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያሰባችሁትን ትርኢት ሁለቱም ቡድኖች በየአገራቸው፣ በራሳቸው ተዋናዮችና እዚያው በሚገኝ ቁሳቁስ ያዘጋጁት። በረራውም የዕቃ ጭነቱም ቀረ ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ኬቲ ሚቼል ከስዊዘርላንዱ ቪዲ-ሎዛን ቲያትር ጋር እንዲህ ሠርተዋል፤ ጽሑፉ አገር ለአገር ዞረ፣ በየቦታው ሌላ ዳይሬክተር እንደገና አዘጋጀው።

መጀመሪያ ግን የትኛው ትዕይንት በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት እንደሚሆን፣ የትኛው ለአካባቢው እንደሚተው ለዩ። ጎርፍ ለአንዱ ተመልካች የዕለት ኑሮ፣ ለሌላው የሩቅ ዜና ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ የሥራው ልብ ይሄ ነው። ልምምዱን በቪዲዮ ትተያያላችሁ።

የካርቦን ልቀታችሁን ለማስላት ጁሊስ ባይሲክል የተባለው የለንደን ድርጅት ለኪነጥበብ ተቋማት ያዘጋጀው ነፃ ማስያ አለ። የተመልካቹን ጉዞም ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ድርሻ እሱ ነው።

አንድ ነገር ከልምድ ልንገራችሁ፦ ልምምድ ሳይጀመር ጽሑፉን መቀየር የሚችለው ማን እንደሆነና ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል በወረቀት ተስማሙ። አለበለዚያ ገንዘቡን ያመጣው ወገን ታሪኩንም የራሱ ያደርገዋል፣ ድርቅ ወይም ጎርፍ የደረሰባቸው ሰዎች ደግሞ አጃቢ ሆነው ይቀራሉ። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፣ በጣም ያማል።